ሳልቆጥር የተረከብኩት ደብተር

መርሳ ከተማ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ደብተርና እስክርቢቶ እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ስላለ ሰፈሩ የማላውቀውን ሁሉ እንደማውቅ ያምናል። የቅሬያችን ገንዘብ ያዥ ሆኜ የተመረጥኩትም በዚሁ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን የማይተወው እሱ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ነን። በምርጫው ቀን አንድ ሰው ከኋላ "እሷ ኮምፒውተር አላት" አለ፤ እጅ ወጣ፤ አለቀ።

ከእኔ በፊት ገንዘቡን የያዙት ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምላቸው። "ጉልበቴ ደከመ፤ ወጣት ይተካኝ" ብለው ለቀቁ። እኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ወጣት መባሌን ወድጄው ነበር። ርክክቡ በጥር ወር አንድ እሁድ፣ በቅሬው ሰብሳቢ፣ ዳኛ በምንላቸው ሰው ግቢ ሆነ። ዳኛው ሰው ሁሉ ሀጂ የሚላቸው፣ ብዙ የማይናገሩ አዛውንት ናቸው። ጋሼ መዝገቡን፣ የባንክ ደብተሩንና ጥሬ ገንዘቡ ያለባትን የቆዳ ቦርሳ ፊቴ አስቀመጡ። ሀጂ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ "በመዝገቡ መሠረት ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ" ይላል።

"ቁጠሪው እንጂ ልጄ" አሉ ጋሼ።

"ኧረ በማርያም ጋሼ! አንቱ የያዙትን እኔ ልቁጠረው?"

አልቆጠርኩም። እናቴ ስትሞት ከሬሳ ሳጥኑ እስከ ንፍሮው ሁሉን ያሰናዱልኝ እኒህ ሰው ናቸው፤ በሰው ፊት ጣቴን እየላስኩ ብር ልቆጥርባቸው እንዴት ይሆንልኛል? ፈረምኩ። ሀጂ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ፣ "እንግዲህ አደራ ነው፣ አማና፤ አማና ደግሞ ከብረት ይከብዳል" አሉኝ።

ሀጂ ጊዜም አልሰጡኝም። በመጋቢት መጨረሻ ጠቅላላ ስብሰባ አለ፤ ድንኳናችን አርጅቷል፤ አዲስ ለመግዛት ምን ያህል እንዳለን ሰው ማወቅ አለበት። "የመዝገቡን ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ታመጪልኛለሽ" አሉ። መዝገቡ የሦስት ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ከተማው በጦርነቱ ሲተረማመስ ጠፍተዋል። ሱቄ ገብቼ ገለጥኩት። መዋጮ፣ ቀብር፣ ዱቄት፣ የወንበር ጥገና ወር በወር ሰፍሯል። በየወሩ መጨረሻ ጋሼ ቦርሳውን ቆጥረው የጻፉት "በእጅ የቀረ" የሚል ቁጥር አለ። መጨረሻ መጨረሻው ላይ ያ ቦታ ባዶ ነው። ቦርሳውን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አርባ ብር። ልክ ይሁን አይሁን ግን የማወዳድረው ነገር አልነበረኝም፤ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር የደመረው ሰው የለም።

ታናሽ እህቴ ወልድያ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ባለሙያ ናት። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አቅፌ ነበር። ከእህቴ ጋር በምሳ ሰዓቷ ቢሮዋ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ተቀመጥን።

"በኤክሴል ልሥራው?" አልኳት።

"ትችያለሽ። ግን ኤክሴል አንድ ቁጥር በስህተት ብታጠፊበት ዝም ይልሻል። ይሄ ዝም አይልም።" ከፍላሽ ዲስኳ የሆነ ፕሮግራም ጫነችልኝና አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተች። ባዶ ነው፤ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ምኑን ነው የምጫነው? ሥዕሉ የታለ?"

"የምትጫኚው ነገር የለም። ሒሳቡን በተራ ጽሑፍ በአንድ ፋይል ትጽፊያለሽ። ከዚያ እዚህ ትጠይቂዋለሽ፤ ይመልስልሻል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ገንዘብ አይፈልግም፣ ለዚህች ለአሮጊቷ ላፕቶፕሽም አይከብዳትም።"

ከዚያ ምግቡ እየቀዘቀዘ አስረዳችኝ። እያንዳንዱ ብር ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ ሁለቱም ይጻፋሉ። የሄደበት ይደመራል፤ የመጣበት ይቀነሳል። ሁለቱ ተደምረው ዜሮ ካልሆኑ ፕሮግራሙ አይቀበልም። ትእዛዞቹን በወረቀት ጻፈችልኝ፤ አምስት ናቸው። እነዚያን አምስት መስመሮች መርሳ እስክደርስ እንደ ዳዊት ደገምኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን መዋጮ አስገባሁ፤ ሁለት መቶ ብር፣ ከአባላት ወደ ካዝና፣ ማለትም ወደ ቦርሳዋ። ካዝና ሁለት መቶ አለ። መዋጮ የሚለው ግን ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ተለጥፎበታል። ከሥር ደግሞ ዜሮ። ስልኬን አንስቼ፣ "ገንዘቡን ዜሮ አደረገው!" አልኳት።

እህቴ ሳቀች። "ዜሮው ነው ጤናው። መዋጮው የሚቀነሰው ገንዘቡ የመጣበት ስለሆነ ነው። ዜሮ ያልሆነ ቀን ደውዪልኝ።"

ሌላ ቀን ደግሞ ካዝና የሚባለው ሒሳብ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው ካዝና ነው፤ ሌላው "ካዝና 300" የሚባል ነው። ግማሽ ቀን ፈለግሁት። ለካ በስሙና በቁጥሩ መካከል ሁለት ባዶ ቦታ መተው ነበረብኝ፤ አንድ ብቻ ስተው ቁጥሩን የስሙ አካል አድርጎታል። የአማርኛው ፊደልም በጥቁሩ መስኮት ውስጥ ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ ስለሚታየኝ የሒሳቦቹን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ጥቅምት ሠላሳን ሳስገባ እንዲህ ያለ ቀን የለም አለኝ። ደነገጥኩ፤ ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ብዬ ስለጻፍኩ እሱ የፈረንጆቹን የካቲት መስሎታል። ጳጉሜን ላይ ስደርስ አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ጻፍኩ፤ ጨርሶ አሻፈረኝ አለ። መጨረሻ ላይ ቀኑን ሁሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየመለስኩ፣ የእኛን ከጎኑ በማስታወሻ እየጻፍኩ እንደገና ጀመርኩ። መብራት ይሄዳል፤ ደንበኛ ይመጣል፤ ፎቶ ኮፒ አንስቼ ስመለስ የትኛው መስመር ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። በእያንዳንዱ ስህተት ላይ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፤ ያ ወረቀት፣ ሀጂ ኪስ ውስጥ።

የካቲት ሲጋመስ ሦስቱንም ዓመት አስገባሁ። እህቴ ያስተማረችኝ አንድ ሌላ ነገር ነበር። ከአንድ መስመር መጨረሻ የእኩል ምልክት አድርጌ "እዚህ ቀን ላይ ካዝናው ውስጥ ይህን ያህል መኖር አለበት" ብዬ ብጽፍ፣ ፕሮግራሙ ደምሮ ያረጋግጣል፤ ካልገጠመ እዚያው ይቆማል። የጋሼን "በእጅ የቀረ" ቁጥሮች አንድ በአንድ እንዲህ አድርጌ አስገባሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሳንቲም ሳያዛንፍ አለፈ። ሁለተኛው ዓመትም። በደስታ ብቻዬን ሱቅ ውስጥ አጨበጨብኩ። ያለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ስደርስ ቆመ። አንድ መቶ ብር ይጎድላል። በታኅሣሥ ሦስት መቶ። በየካቲት አንድ ሺህ አለፈ። ከዚያ ጋሼ "በእጅ የቀረ" መጻፍ አቁመዋል። የመጨረሻውን መስመር ይዤ ጠየቅሁት። ካዝናው ውስጥ ሃያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ብር መኖር አለበት አለኝ።

አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር የለም ማለት ነው።

ቦርሳውን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ከዚያ እኔው ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ከኅዳር ጀምሮ ያለውን ሁሉ ሰርዤ እንደገና ጻፍኩ፤ ስምንት ቀን ፈጀብኝ። ያው ቁጥር ተመልሶ መጣ። ለአንዱ ደንበኛ የልደት ካርዱን ፎቶ ኮፒ አንስቼ ዋናውን እኔ ዘንድ ረስቼ ሰደድኩት። ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ጎደለ ሲባል የምጠየቀውም እኔ ነኝ። ጋሼ በሉት ማለት ደግሞ በምላሴ አልወጣ አለ። ሐሳቡ በውስጤ ሲያልፍ ራሱ አፈርኩ።

ባለቤቴ የኢሱዙ ሾፌር ነው። በዚያ ሳምንት ከጉዞ ሲመለስ ነገርኩት። ሰማኝና፣ "ከሱቁ አውጥተሽ ሙዪው። ማንም አያውቅም፤ አንቺም ታርፊያለሽ" አለኝ።

ልሰማው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ብሩን ከመሳቢያ አውጥቼ መደርደር ጀምሬ ነበር። ግን ላስገባው ስል "ከየት መጣ" የሚለው መስመር ጠበቀኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? መዋጮ ብል ውሸት ነው። ብድር ብል ቅሬው ያልተበደረውን ብድር ልጫንበት ነው። ሰው ሊዋሽ ሲነሳ ውሸቱን በሁለት ቦታ መጻፍ እንዳለበት ሲያውቅ እጁ ይከብዳል። ብሩን ወደ መሳቢያው መለስኩት።

በዚያው ከሰዓት መዝገቡን ከኅዳር ጀምሮ ሒሳቡን ትቼ ጽሑፉን ተመለከትኩት። የሚያስቀናው የጋሼ እጅ ጽሑፍ ከመስመሩ ወጥቷል። አንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ መስመር በሌላው ላይ ተደርቧል። የአንድ አባል መዋጮ በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ፣ ከሁለት ገጽ በኋላ በዚያው ወር ደግሞ ተጽፏል። የሚሰርቅ ሰው ገቢ ደጋግሞ አይጽፍም። ምን እንደሆነ ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ጋሼ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ግራና ወደምትባል ትንሽ ከተማ በሚወስደው መንገድ ነው። መዝገቡን በሻርፔ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ከመንገድ ልመለስ ብዬ ነበር። ግቢያቸው ካለ ማንጎ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጥቂት እርምጃ ሲቀረኝ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣

"ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"አሃ፣ ልጄ! ነይ ተቀመጪ። ሥራው እንዴት ያዘሽ?"

"ኮምፒውተሩ አልገጥም አለኝ። እኔ አላወቅሁበት ይሆናል" አልኩ። "ይቺ የኅዳሯ ገጽ ተምታታችብኝ፤ እስኪ ያንብቡልኝ።"

መዝገቡን ገልጬ ሰጠኋቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ ራቅ አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኅዳር አሥራ ሁለት፣ የወር መዋጮ..." ብለው ጀመሩ። ሳይደነቃቀፉ ነው የሚያነቡት። እኔ ግን ከትከሻቸው በላይ አጎንብሼ ሳይ ደነገጥኩ፤ እጄ ተሳስቶ የገለጠው ሚያዝያን ነው። በገጹ ላይ ኅዳር የሚል ቃል የለም። ምንም አልተናገርኩም፤ ዝምታዬ ግን ነገራቸው። ማንበቡን አቆሙ።

"ልክ አይደለም፣ አይደል?" አሉ ቀስ ብለው።

"ሚያዝያ ነው ጋሼ።"

መዝገቡን ጭናቸው ላይ አሳረፉትና ሁሉን ነገሩኝ። ግራው ዓይናቸው ከሄደ ቆይቷል፤ ቀኙ ደግሞ ኅዳሩ ከመግባቱ በፊት ጉም ለበሰ። መዋጮ ሲሰበስቡ ሰዉን በድምፁ ነበር የሚለዩት። ብሩን በመጠኑና በእጃቸው ልማድ ይለዩታል፤ የቸገራቸውን ባለቤታቸው ያዩላቸዋል። ባለቤታቸው ግን ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ መጻፉ የጋሼ ብቻ ነበር። እሁድ የሰበሰቡትን ሰኞ በቃላቸው ይጽፉታል። መጻፋቸውን ሲጠራጠሩ እንዳይቀር ብለው ይደግሙታል።

"ለምን አልተናገሩም?"

"የማያይ ሰው ገንዘብ ይያዝልን የሚል ማን አለ? ከጡረታ በኋላ የቀረችኝ ሥራ እሷ ነበረች። ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ።"

ያን ጊዜ ያላሰብኩት ንዴት ወጣብኝ። "እኔ እኮ ፈርሜያለሁ ጋሼ! አሥራ አንድ ሺህ ብር ነው የጎደለው! እኔን ነው የሚጠይቁኝ!" ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ባለቤታቸው ከቤት ወጥተው በር ላይ ቆሙ።

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። "ቁጠሪው ያልኩሽ ከልቤ ነበር" አሉ። "ባለመቁጠርሽ ደግሞ እፎይ ብያለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ይቅር በዪኝ።"

አልቅሼ ተነሳሁ። በማግስቱ ግን ላፕቶፑን ይዤ ተመለስኩ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፣ እሳቸውም አልነበራቸውም።

አራት ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ማንጎ ሥር ሠራን። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያስታውሳሉ። "የእገሌ መዋጮ፣ ኅዳር፣ መቶ ብር።" "እሱማ አንዴ ብቻ ነው የከፈለ፤ በዚያ ወር ልጁን ድሮ ነበር።" የተደጋገመው አርባ አንድ መዋጮ ሆነ፤ አራት ሺህ አንድ መቶ ብር። ከዚያ የተከፈለ ግን ያልተጻፈ ወጪ ፈለግን። ድንኳኑ ተቀዶ ተሰፍቶ ነበር፤ ለሰፋው ሰው ደውዬ ጠየቅሁት፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር መቀበሉን አመነ። የዱቄትና የድስት ወጪ ደግሞ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አምሳ ብር፣ ነጋዴዎቹ ዘንድ የደረሰኙ ቀሪ ቅጂ ተገኘ። እያንዳንዱን ሳስገባ ጉድለቱ ይጠባል፤ እኔም ትንፋሽ አገኛለሁ። አንድ ሺህ ስምንት መቶ አምሳ ብር ላይ ግን ቆመ። ጋሼ ግንባራቸውን ይዘው አሰቡ፣ አሰቡ፤ አልመጣላቸውም።

"ይሄን አላውቀውም። የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም" አሉ።

በስብሰባው ጠዋት አንድ ገጹን ወረቀት አሥር ጊዜ አየሁት። ጋሼ ቀድመው ለሀጂ ነግረዋቸው ስለነበር፣ ገና እንደተጀመረ በምርኩዛቸው ተነስተው ቆሙ። ዓይናቸው እንደከዳቸው፣ እንደደበቁ፣ ምን እንደተገኘና ምን እንዳልተገኘ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ጋራዥ ያለው አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ።

"እኔ ጋሼን አልጠረጥርም" አለ። "ግን ነገ ሌላው መጥቶ ዓይኔ ነው፣ ጆሮዬ ነው ቢልስ? እኔ መዋጮዬን የማመጣው መኪና ሥር ተኝቼ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ? ለምን ሳትቆጥሪ ፈረምሽ?"

"ይሉኝታ ይዞኝ" አልኩ።

"ይሉኝታ ድንኳን አይገዛም" አለ። አንዳንዱ ሳቀ። እውነቱን ነበር፤ ስለዚህም የበለጠ አመመኝ።

ብዙ ተወራ። አንዳንዶች ጋሼን መጠየቁ ራሱ ነውር ነው አሉ፤ አንዳንዶች ድንኳኑ በጋሼና በእኔ ምክንያት እንደዘገየ አጉረመረሙ። በመጨረሻ ሀጂ ተናገሩ። ከእንግዲህ ርክክብ በሦስት ሰው ፊት ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፤ በየሦስት ወሩ ሒሳቡ ለሁሉም ይነበባል፤ የጎደለው ለጋሼ ይቅር ይባላል። ሰዉ እሺ አለ። ጋሼ ግን እንደገና ተነሱ።

"ይቅርታችሁን ተቀብያለሁ። ገንዘቡን ግን እከፍላለሁ፤ በሦስት ጊዜ" አሉ። ማንም ሊያሳምናቸው አልቻለም። ለእኔም ይቅር ይባል ያለ ግን አልነበረም። አንዲት ጎረቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ለልጆቿ ደብተር ከእኔ ሱቅ መግዛት ትታለች፤ ሰላምታዋም ቀዝቅዟል።

ድንኳኑ ለሌላ ዓመት ተላለፈ። ጋሼ በየወሩ መጨረሻ ስድስት መቶ ብር ይዘው መጡ፣ ሁለት ጊዜ። እኔም "ያልታወቀ ልዩነት" ብዬ የጎደለውን ካሰፈርኩበት ሒሳብ ላይ እያነሳሁ አስገባሁ። በመሀሉ ልጃቸው ወልድያ ሆስፒታል ወሰዳቸው። የግራው ዓይን ተመልሶ አያይም ተባለ፤ የቀኙ ግን ሞራ ነውና ይገፈፋል አሏቸው፤ ተገፈፈ።

የመጨረሻውን ስድስት መቶ አምሳ ይዘው ሲመጡ ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር። ብሩን ጮክ ብዬ ፊታቸው ቆጠርኩት፤ ፈገግ አሉ። ደረሰኙን አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ሄዱና ቆመው ማንበብ ጀመሩ፤ በጣም ቀስ እያሉ፣ በጣታቸው እየተከተሉ። ቆዩ። እኔ ደግሞ ምን ተሳስቼ ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ።

"ሒሳብ" አሉ በመጨረሻ፣ ጣታቸውን አንዱ ቃል ላይ አሳርፈው፣ "በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። አንቺ በሃሌታው ነው የጻፍሽው። አስተካክዪልኝ።"

አስተካክዬ እንደገና አተምኩላቸው።